ስለ እጅ ምስክርነት

ዓይን ባየው ነገር ሰው ይከራከራል፤ ጆሮ የሰማውንም ሌላ ጆሮ ያፈርሰዋል። እጅ የዳሰሰውን ግን የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ የልጁን ድምፅ ሰምቶ ተጠራጠረ፤ በእጁ የዳሰሰውን የፍየል ጠጕር ግን አመነ፤ በረከቱንም ላላሰበው ልጅ ሰጠ። እንግዲህ ሰውን በእጁ በኩል ማታለል ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አዲስ ነገር ቢኖር ይህ ሥራ በፋብሪካ መሠራቱና በገበያ መሸጡ ነው።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የወጣቶች ጨዋታ ነው። የእኅቴ ልጅ፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ከውጭ አገር የመጣለትን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ሊያሳየኝ ቤቱ ጠራኝ። ጆይስቲክ የሚሉትን፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ከመዳፌ ላይ አኖረና «አጎቴ፣ እስቲ ቀስቱን ይሳቡት» አለኝ። ጣቴን ከቃታው ላይ አድርጌ ብስበው በእርግጥም እንደ ተወጠረ ጅማት ከበደኝ፤ ጥቂት ቆይቼ ብለቀው ከእጄ ውስጥ አንዳች ነገር ተስፈንጥሮ የሄደ መሰለኝ። ደነገጥኩ፤ አልዋሽም፣ ደስም አለኝ። ልጁም «አሁን እንግዲህ ቀስት መሳብ ምን እንደ ሆነ ዐወቁ» አለኝ።

ጠቤ ከዚህ ቃል ጋራ ነው። ቃሉም የልጁ አይደለም፤ ሻጮች ከአፉ ያኖሩለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ መንቀፍ የሰነፍ ሥራ ስለ ሆነ፣ ልጁን ጠይቄ፣ የተጻፈውንም አንብቤ የተረዳሁትን አስቀድሜ ልናገር። ይህ መቆጣጠሪያ ዱዋልሴንስ ይባላል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋራ ያወጣው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የቀድሞዎቹ መቆጣጠሪያዎች የሚንቀጠቀጡት ቀላል በሆነ ብልሃት ነበር፤ ከትንሽ ሞተር ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ክብደት ይሰካና ሲሽከረከር ዕቃውን በሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። እንዲህ ያለው ነገር በርትቶ ወይም ደክሞ ከመንዘር በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም። በአዲሱ ውስጥ ግን በድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዳለው ያለ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት በቀኝና በግራ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያ ክራርን ከከበሮ ለይቶ እንደሚያሰማ ሁሉ፣ ይህም የዝናብን ነጠብጣብ ከአሸዋ መንሸራተት ለይቶ ለመዳፍ ያቀርባል። ቃታው ደግሞ የራሱ ሞተር አለው። ሞተሩ ጥርስ ባለው መዘውር አማካይነት አንድ ትንሽ ዘንግ ከቃታው ጀርባ ይደቅናል፤ ጨዋታው ባዘዘው ጊዜ ቃታው ይከብዳል፣ ወይም መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወይም ጣትን መልሶ ይመታል።

የሠሪዎቹን ጥበብ አደንቃለሁ። ጥበቡንም ሶኒ ብቻውን አልፈጠረውም፤ በ1976 ሴጋ ባወጣው የሞተር ብስክሌት ጨዋታ መሪው በግጭት ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በ1997ም ኒንቴንዶ በሁለት ትናንሽ ባትሪዎች የሚሠራ ማንቀጥቀጫ ከ«ስታር ፎክስ 64» ጋራ ለገበያ አቀረበ፤ ሶኒም በዚያው ዓመት የራሱን አወጣ። ይህን በዚሁ ልለፈውና የሻጭ አንደበት እንዴት እንደሚገለበጥ ወደሚያሳየው ታሪክ ልግባ።

ኢመርሽን የሚባል፣ ያን ጊዜ በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረ ኩባንያ በ2002 ሶኒንና ማይክሮሶፍትን «በንዝረት ላይ ያለኝን የፈጠራ መብት ነክታችኋል» ብሎ ከሰሰ። ማይክሮሶፍት በ2003 ታረቀ። ሶኒ ተከራከረ፤ በ2004ም ጁሪ የሚባለው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ 82 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት፤ እርሱም ይግባኝ አለ። ክርክሩ ሳይዘጋ፣ በ2006 ከፕሌይስቴሽን 3 ጋራ የወጣው መቆጣጠሪያ ምንም ንዝረት የሌለው ሆነ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ንዝረቱ የእጅን እንቅስቃሴ የሚለካውን ክፍል ያውክብናል» ተባለ። በ2007 መጀመሪያ ላይም ከኩባንያው ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ንዝረትን ዘመኑ ያለፈበት ነገር አድርጎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሁለቱ ኩባንያዎች ታረቁ። ዓመቱ ሳያልቅ ሶኒ በጃፓን አዲስ መቆጣጠሪያ አወጣ፤ በውስጡም የእንቅስቃሴው መለኪያና ንዝረቱ አንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱም ሌላውን አላወከም።

የሰውን ልብ መርምሬ አልፈርድም፤ ቃሉንና ቀኑን ግን እቆጥራለሁ። ክርክር ሳለ ንዝረት ያረጀ ነገር ነበረ፤ ዕርቅ ሲወርድ ንዝረት ተመለሰ፤ በ2020 ደግሞ የመዳሰስ ስሜት የአዲሱ ዘመን ዋና በር ሆኖ ታወጀ። ወይኑ በራቀ ጊዜ ጎምዛዛ ነው ያለችው ቀበሮ፣ ወይኑ በቀረበ ጊዜ ቅርጫት ይዛ ገበያ ወጣች። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ስለ ገዛ እጅህ ስሜት ሌላ ሰው በነገረህ ጊዜ፣ ያ ሰው በዚያ ቀን የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።

ነገር ግን «ይህ ሁሉ የጨዋታ ነገር አይደለምን? ስለ ንዝረት ይህን ያህል ምን ያስጮሃል?» የሚሉኝ ሽማግሌዎችም አሉ። እነዚህ ከሻጮቹ ይልቅ ያናድዱኛል፤ ሻጩ እጅ ታላቅ ነገር መሆኑን ስላወቀ ይነግድበታል፤ እነርሱ ግን ይህንንም አላወቁም።

በድሮዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች የአብራሪው እጅ ከክንፉ ጋራ በገመድ የተያያዘ ነበር፤ ነፋሱ ሲበረታ ዘንጉ ይከብደዋል፣ ሲደክምም ይላላለታል። አውሮፕላን እየገዘፈ ሲሄድ ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት ሆነ፤ እጅም ነፋሱን መስማት ተወ። ይህ አደገኛ መሆኑን ያወቁ መሐንዲሶች የጠፋውን ክብደት በጥቅልል ብረትና በመሳሰለው መልሰው ሠሩት። ደግሞም አውሮፕላኑ አየር ሊከዳው ሲቃረብ የአብራሪውን ዘንግ የሚያንቀጠቅጥ፣ ያጋደለ ክብደት ያለው ሞተር ጨመሩ። እንግዲህ ከድሮው ጆይስቲክ ውስጥ ያለው ብልሃትና ከአውሮፕላኑ ዘንግ ላይ ያለው ብልሃት ወንድማማች ናቸው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በግራ በኩል ያለው፣ አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ ሐሰተኛ ቁጥር ሰጠ። የዋናው አብራሪ ዘንግ አውሮፕላኑ ከመሬት እንደ ለቀቀ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ገደማም አላቆመም። አየር ግን አልከዳውም ነበር፤ የእጅ ምስክሩ ሐሰት ይናገር ነበር። ያንኑ ሐሰት ያመነ ሌላ የኮምፒዩተር ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋ። አብራሪዎቹ ኤሌክትሪኩን ቆርጠው የጭራውን ክንፍ ማስተካከያ በእጃቸው ሊያዞሩት ሲሞክሩ አልሆነላቸውም። በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎች ከቢሾፍቱ አጠገብ አለቁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ጨዋታን ከዚህ ኀዘን ጋራ አስተካክዬ ማየቴ አይደለም፤ ማንም በጆይስቲክ አይሞትም። ነገር ግን እጅ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ሲነዘርበት ያምናል። ስለዚህ እጅን የሚያናግር ዕቃ የሚሠራ ሰው ሁሉ የምስክር ሥራ ይሠራል፤ ምስክር ደግሞ ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ያለውን ይነግረናል፣ ወይ የምንወደውን ይነግረናል።

ይህን መለያ ይዤ ወደ ልጁ ቤት ተመለስኩና ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አስመረመርኩት። «ግራን ቱሪስሞ 7» በሚባለው የመኪና እሽቅድምድም የፍሬኑ ቃታ ይከብዳል፣ ጎማው ሊቆለፍ ሲልም ይርገበገባል። ይህ እውነት የሚናገር ምስክር ነው፤ ገበሬ እርፉን ጨብጦ ሲያርስ ከአፈር በታች ያለውን ድንጋይ ዓይኑ ሳያየው እርፉ እንደሚነግረው ያለ ነው። ልጁም ምልክቱን ሰምቶ እግሩን፣ ማለት ጣቱን፣ ያላላል። በ«ዴዝሉፕ» መሣሪያው ሲነክስ ቃታው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ይህም ወሬ ነው፣ የሚጠቅም ወሬ። በ«ሪተርናል» ቃታውን እስከ ግማሽ መሳብ አንድ ትእዛዝ፣ እስከ መጨረሻ መሳብ ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ጣቱም የሁለቱን ድንበር ያውቃል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በ2022 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 1» ነው። በዚያ ጨዋታ መስማት የተሳነው ሰው ቢፈልግ፣ ተዋንያኑ የሚናገሩት ንግግር ወደ ንዝረት ተለውጦ በእጁ ይደርሰዋል፤ ቃሉን ባይሰማ የቁጣውንና የለቅሶውን መነሣትና መውደቅ በመዳፉ ይለያል። ይህን ያሰበ ሰው የተባረከ ይሁን።

ወደ ቀስቱ ስመጣ ግን ነገሩ ይለያል። በ«ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» ቀስቱ ሲሳብ ቃታው ይከብዳል፤ ክብደቱ ደስ ያሰኛል። በምን እንዳስተማረኝ ግን ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም። በልጅነቴ ማሳ ስጠብቅ ወንጭፍ ይዤ ነበር። ድንጋዩ ሲከብድ ክንዴ ይዝላል፤ አለጊዜው ስለቀው ወደ ኋላዬ ይሄዳል፤ አንድ ቀንም የጎረቤታችንን እንስራ ሰብሬ በአባቴ ተገረፍኩ። የወንጭፉ ክብደት ከእኔ ጋራ ስምምነት አልነበረውም። የቃታው ክብደት ግን ጣቴ ምን ያህል እንደሚወድ አስቀድሞ ተመትሮ የተሠራ ነው፤ ታዲያ ደስ ያሰኘኛል እንጂ ምን ይነግረኛል?

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከራሱ ከልጁ አለኝ። በመሣሪያው የማስተካከያ ገጽ ላይ የቃታውን ክብደት መቀነስም፣ ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል። ይህ መኖሩ መልካም ነው፤ ጣቱን የሚያመው ሰው አለና። የእኅቴ ልጅ ግን ጣቱን አያመውም። ከጓደኞቹ ጋራ ተኩስ ሲጫወት ክብደቱን እንደሚያጠፋው አየሁና ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ለማሸነፍ ስፈልግ ያዘገየኛል» አለኝ። «እንግዲያስ መቼ ታበራዋለህ?» አልኩት። ጥቂት አስቦ «ብቻዬን ስሆን፣ ደስ እንዲለኝ» አለ።

ደስ እንዲለው ማድረግ ኃጢአት ነው አልልም፤ እኔም ብዙ ጊዜዬን በገበጣ አሳልፌያለሁ። የምቃወመው ደስታውን ሳይሆን በደስታው ላይ የተለጠፈውን «ዐወቅህ» የሚለውን ጽሕፈት ነው። ሻጩ «ደስ ይልሃል» ቢል ነጋዴ ነው፤ «ተዋጊው የተሰማው ይሰማሃል» ሲል ግን ያልነበረበትን ይመሰክራል። በጦርነት ጨዋታ የመትረየሱ ምት ጣትን ሲመታ ልጆቹ «እውነተኛ ይመስላል» ይላሉ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ አንዱን ጠርታችሁ ቃታውን አስነኩትና ፊቱን ተመልከቱ።

በየከተማው ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱ ታናናሾቻችሁ ዕቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ነው፤ የአንዳንዱ ንዝረት ሞቷል፣ የአንዳንዱም ላስቲክ ተልጧል። ከሀብታም ልጅ ቤት ያለውን አዲሱን ሲያዩ «እኛ የማይሰማንን እርሱ ይሰማዋል» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ይህ ነው እኔን ያስነሣኝ። ድህነታቸው ሳያንስ፣ ስሜትም የጎደላቸው አስመስለው ራሳቸውን ይንቃሉ። እንግዲህ ከመካከላችሁ አዲሱ ያለው ወንድም ካለ፣ በእጃቸው ሲያኖረው የመኪናውን ፍሬን ያሳያቸው፤ ጎማው ከመቆለፉ በፊት ቃታው ምን እንደሚላቸው ይንገራቸው።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠቴ በፊት ለእኅቴ ልጅ አነበብኩለት። ስለ ቀበሮዋ ሳቀ፤ ስለ በረራው ስደርስ ዝም አለ። ስጨርስ መቆጣጠሪያውን አንሥቶ ከገጹ ውስጥ አንድ ነገር ነካካና፣ «የእሽቅድምድሙን ትቼዋለሁ» አለኝ፤ «የቀስቱን ግን አጎቴ፣ እስከ ቅዳሜ ልየው።»