ሁሉም የሆድ መነፋት ጨጓራ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው በተለይ ለሐይቅና ለአምባሰል እህቶቼ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር ነው።

አንዲት ሴት "ሆዴን ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል" ብላ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ካርዷ ላይ የሚጻፈው ይታወቃል፤ ጨጓራ። ካልሆነ አሜባ፣ ካልሆነ ታይፎይድ። ኦሜፕራዞሉ ያልቃል፣ መነፋቱ ይመለሳል። ጠዋት በልኩ የታሰረው መቀነት ማታ አልበቃ ይላል። ያላገባች ከሆነች ጎረቤት "አርግዛ ነው" ይላል። ያገባች ከሆነች አማቷ ደስ ይላታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ ሲሟሽሽ ደግሞ ሌላ ወሬ ይጀመራል።

መነፋቱ ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ከሆነ፣ ማለትም የወር አበባ ሲቃረብ ብሶ ሲያልፍ የሚቀል ከሆነ፣ ሌላ በሽታ መጠርጠር አለበት፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ ላይ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ አንዳንዴም አንጀት ላይ ይበቅላል። ወር በመጣ ቁጥር ይቆጣል፤ አንጀትም አብሮ ይረበሻል፣ ይደርቃል፣ ጋዝ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ይህ በሽታ አለባቸው። ብርቅ በሽታ አይደለም።

"የወር አበባሽ መቼ መጣ? ሆድሽ የሚነፋውስ ያኔ ነው?" ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ላቦራቶሪም አይፈልግም። የወሎ ሴት ደግሞ ቀኗን አትስትም። ክርስቲያኗ ቤተ ክርስቲያን ያልገባችበትን፣ ሙስሊሟ ሶላት የተወችበትን ቀን ጠንቅቃ ታውቃለች። የጠፋው ጠያቂ ነው። ወንድ ፊት ካፈረች ነርሷ ወይም አዋላጇ ትጠይቃት።

አልትራሳውንድ "ምንም የለም" ስላለም ነገሩ አላለቀም፤ ትንንሾቹን ላያሳይ ይችላል። ላፓራስኮፒ ደግሞ በየከተማው አይገኝም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ምልክቱ የሚመስል ከሆነ ቀዶ ጥገና ሳይጠበቅ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ይላል።

ሕክምናውስ? የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ለሌለባት ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር። ሌላው ጤና ጣቢያው ውስጥ ተቀምጧል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና በየ3 ወሩ የሚወጋው ዴፖ። በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉትም፣ ሕመሙን ግን ያስታግሳሉ። ያላገባች ልጅ "ዴፖ ወሰደች" እንዳይባል ብላ በየወሩ መሰቃየቷ በጣም ያበሳጨኛል! የምትወስደው ለሕመሟ ነው። እናቶች፣ ይህን እወቁልን። ዴፖ መካን አያደርግም፤ ካቆሙት በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ መውለድ የምትፈልግ አስቀድማ ትናገር። "ስትወልጂ ይተውሻል" የሚለው ምክርም ሕክምና አይደለም፤ በሽታው ራሱ እርግዝናን ሊያዘገይ ይችላል።

መነፋቱ ብቻ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ባቄላና ጥቅል ጎመን መቀነስ፣ ውኃ መጠጣት፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆድ ላይ ማድረግ ብዙዎችን ይረዳል።

ቀን የማይቆጥር፣ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ የሚሄድ የሆድ እብጠት፣ በተለይ ክሳትና የማታ ላብ ካለው፣ የሆድ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ወር ቀርቶ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከመጣ ደግሞ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ሆስፒታል አድርሷት።