በጁባ ሙቀት ብርድ የመታው እግር

«እግሬን ብርድ መትቶኛል» አለኝ ወዳጄ በስልክ። የት ሆኖ? ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር! በበጋ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ። ሰውዬው እዚያው ምግብ ቤት አለው። «ብርዱ ከየት መጣ?» ብለው፣ «ከፍሪጁ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። መጀመሪያ ጣቶቹ ብቻ ነበሩ የደነዘዙት፤ አሁን ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ሸበጡ ወልቆ ሲቀር እንኳ አያውቅም። ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥለዋል።

ታዲያ ምን አደረገ? ፋርማሲ ገብቶ የነርቭ ቫይታሚን የተባለ መርፌ ተወጋ፤ ቤቱ ሄዶ እግሩን ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ዘፈዘፈ። ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ከሚያክሙት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ምን እንደጎደለው ሳይመረመር መርፌ ምን ይሠራል? የነርቭ ቫይታሚን ከሚባሉት አንዱ፣ ቢ6፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሙቅ ውሃውማ የባሰ ነው፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው።

ከሁለቱም እግሮች ጣት ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ለሚወጣ መደንዘዝ ቀድሞ የሚጠረጠረው ስኳር ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር በሁለት ምርመራ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ አለቀ። የቢ12 እጥረትም አለ፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚውጡ ልብ ይበሉ። መጠጥም፣ አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒትም ያደነዝዛሉ። ቆዳ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል።

ሐኪም ጋ መቼ ይኬዳል? መደንዘዙ እየባሰ ከሄደ፣ በዚሁ ሳምንት። እግር ላይ የማያም ቁስል ከታየ፣ በዚያው ቀን። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ጉልበት እያሳጣ ሽቅብ ከወጣ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ደንዝዞ ሽንት ከከለከለ ወይም ካመለጠ፣ ወይም በአንድ ጎን ድንገት መጥቶ አፍ ካጣመመና ምላስ ካሰረ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ለበዓል አዲስ አበባ ስገባ እታያለሁ» አይለኝም! የስደተኛው ትልቁ በሽታ ይኼ ነው። ሥራው ጁባ፣ ገንዘቡ ጁባ፣ ጤናው ግን አዲስ አበባ በቀጠሮ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ነርቭ የአውሮፕላን ትኬት አይጠብቅም። በመኖሪያ ከተማው ሐኪም አለ፤ የስኳር መለኪያም አለ።

«ሐኪሙን አላምነውም» የሚሉም አሉ። መርፌ ወጊውን ግን ያምኑታል!

ይኸው ወዳጄ ግን የአገሩ ልጅ ሲሞት ሬሳ ወደ አገር ለመላክ መዋጮ ሰብሳቢው እሱ ነው፤ ገንዘቡም ወዲያው ይሞላል። ያ ርኅራኄ ለምን የቁም ሰው አይደርሰውም? የአበሻ ማኅበር በሚሰበሰብበት ሁሉ፣ ጁባም ይሁን ሌላ ስደት፣ ከመዋጮው ላይ ለአንድ የስኳር መለኪያና ለአንዲት ነርስ የግማሽ ቀን አበል ይነሳ። አባላት ካልሲ አውልቀው እግራቸውን ያሳዩ። የሚያፍር ካለ፣ ሬሳ ለመላክ ከሚወጣው ወጪ ጋር ያስተያየው።