ብርሃኑ ለተመልካች ነው ወይስ ለነዋሪው?

ሰፊ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ፣ የባሕር ዓሦችን ሊያኖርበት የሚያስብ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠይቀው ምን ዓይነት መብራት ልግዛ ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዳው በሚቆምበት አዳራሽ የሚቀመጡትን እንግዶች ዓይን በማሰብ ስለ ሆነ፣ በውሃው ውስጥ ሌት ተቀን የሚኖሩት ፍጥረታት ከምክሩ ውጭ ይቀራሉ፤ መልሱም ከመነሻው ይጣመማል። እኔ በዚህ ዓምድ ልሟገትለት የምወደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የባሕር ገንዳ ብርሃን አስቀድሞ የነዋሪው መኖሪያ፣ ከዚያም በኋላ የተመልካቹ ደስታ ነው የሚል ነው።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ፀሐይና ጨረቃ ከዋክብትም በዕለተ ረቡዕ፣ በባሕር የሚንቀሳቀሱት ደግሞ በማግሥቱ በዕለተ ሐሙስ ተፈጠሩ። ስለዚህ መብራት ከዓሣ መቅደሙ ሥርዓት ነው የሚል ሰው ቢገኝ፣ ፈጣሪ የሐሙሱን ፍጥረት ባሕርይ ገና በረቡዕ ያውቅ እንደ ነበረ ላስታውሰው እወዳለሁ። የሰው ልጅ ግን ያ ዕውቀት የለውምና፣ የሚያኖረውን አስቀድሞ ለይቶ፣ ጠባዩንም መርምሮ፣ መብራቱን ከዚያ በኋላ ሊገዛ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መለያም ገንዳው ዓሣ ብቻ የሚኖርበት ነው ወይስ ኮራልም የሚያድግበት የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው በታላቁ የዱባይ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለውን፣ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የሚይዘውን አኳሪየም፣ በዚያች ከተማ ሠርተው የሚያድሩ ወይም መንገዳቸው በዚያ ያለፈ ብዙ ወገኖቻችን ፊት ለፊቱ ቆመው አይተውታል። 75 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው ግልጽ ግድግዳ በስተጀርባ እየዞሩ የሚዋኙት ሻርኮች ሥጋ በሎች ናቸውና ብርሃን ለእነርሱ መብል አይደለም፤ የሚያገለግላቸው ለማየትና ቀኑን ከሌሊቱ ለመለየት ብቻ ነው። እንዲያውም በዚያ የሚታወቁት የአሸዋ ነብር የሚባሉት ሻርኮች በተፈጥሮ ባሕር ቀኑን በዋሻና በአለት ጥግ ማሳለፍን ይወድዳሉ። ስለዚህ ዓሣ ብቻ ለማኖር የቆረጠ ሰው በመብራት ላይ ብዙ ገንዘብ እንዲያፈስስ አልመክረውም፤ መጠነኛ ብርሃን፣ በድንጋይ የተሠራ በቂ መሸሸጊያና ጥላ፣ ካዘጋጀ በኋላ የተረፈውን ገንዘብ ለውሃው ማጣሪያ ቢያውለው ዓሦቹ የበለጠ ይጠቀማሉ። በቀይ ባሕር የሚገኘው አንበሳ ዓሣ ቀን ቀን ከአለት ሥር ተጠግቶ ውሎ አመሻሹ ላይ ለአደን የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ያለ ጥላ በብርቱ መብራት ሥር ማኖር ግፍ ነው።

ኮራል የገባበት ገንዳ ግን በሌላ ሕግ ይገዛል። ለዓይን ድንጋይ ወይም ተክል የሚመስለው ኮራል በእርግጥ እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ግን ዙዛንቴላ የሚባሉ ጥቃቅን ዋቅላሚዎችን አኑሯል፤ እነርሱም በብርሃን አስተጻምሮ የሚያዘጋጁትን ምግብ ከፍለው ይሰጡታል፤ እርሱ ደግሞ መጠለያና ለምግባቸው የሚሆን ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። እንግዲህ መብራቱ ሲደክም የሚራበው ዋቅላሚው ብቻ ሳይሆን ያስጠጋውም እንስሳ ነው። ባሕርም ይህን መብል ሳታጣራ አታደርስም፤ ነጭ የሚመስለን የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው ሲገባ ቀዩ ክፍል በመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ገደማ አብዛኛው ይዋጣል፤ ሰማያዊው ግን ጥርት ባለ ባሕር ወደ ቀላዩ ርቆ ይወርዳል። የኮራል መብራት ወደ ሰማያዊ የሚያደላውም፣ ይልቁንም ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ክፍል የሚበረታው፣ ስለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤላት ባሕረ ሰላጤ፣ ፖል ፎልኮውስኪና ዝቪ ዱቢንስኪ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የገለጡት ነው። ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የሚባለው አንድ የኮራል ዓይነት፣ ፀሐይ በሚበዛበት ቦታ ሲያድግ ገርጠት ያለ መልክ ይይዛል፤ በአለት ጥላ ሥር ሲያድግ ግን ይጠቁራል። በጥላ ያሉት ዋቅላሚዎች የምትደርሳቸውን ጥቂት ብርሃን ለመልቀም ክሎሮፊላቸውን ያበዛሉና፣ ያው ፍጥረት በሁለት ብርሃን ሁለት አኗኗር ይኖረዋል። ከዚህ የምንረዳው ኮራል ከብርሃኑ ጋራ ራሱን የማስማማት ኃይል እንዳለው ነው፤ ማስማማቱ ግን በአንድ ሌሊት የሚፈጸም አይደለም። ስለዚህ ከደካማ መብራት ሥር የመጣን ኮራል ዕለቱን ከአዲስና ብርቱ መብራት ሥር የሚያኖር ሰው፣ ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን አስወጥቶ ነጭ አፅም መስሎ ቢያገኘው ጥፋቱ የኮራሉ አይደለም። በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ ወይም ኮራሉን ከገንዳው ወለል አስጀምሮ ወደ ላይ ማውጣት፣ ይህን መከራ ያስቀራል።

ወደ መጠን ስንመጣ፣ ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በኬልቪን የሚጻፈው ቁጥርም የብርሃኑን መልክ ይገልጣል፤ የቀትር ፀሐይ ከ5,500 እስከ 6,500 ኬልቪን ሲሆን፣ ለኮራል የሚሸጡት መብራቶች ብዙውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 20,000 ይጻፍባቸዋል፤ ኮራሉ ጠገበ ወይስ ተራበ የሚለውን ግን ከዚያ አናገኘውም። የሚያስፈልገው ልኬት ፓር የሚባለው ነው፤ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ለብርሃን አስተጻምሮ የሚጠቅም ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሴኮንድ ስንት ማይክሮሞል እንደሚያርፍ ያሳያል። በሐሩር አገር፣ ሰማይ በጠራበት ቀትር፣ ከውሃው በላይ 2,000 ገደማ ይደርሳል። በገንዳ ውስጥ ለስላሳ ለሚባሉት ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ፖሊፕ የሚባለው አካላቸው ትናንሽ ለሆኑትና ደንዳና አፅም ለሚሠሩት ከ200 እስከ 400 ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መለኪያው ውድ ነው፤ ቢሆንም የብዙ ሺህ ብር መብራት ገዝቶ የሚሰጠውን አለማወቅ እጅግ ይብሳልና፣ መግዛት ያልቻለ ሰው ከባለሙያ ተውሶም ቢሆን መለኪያውን በውሃው ውስጥ እያጠለቀ ከላይ፣ ከመካከልና ከወለል ይለካ።

ሰፊ ገንዳ የራሱ ችግር አለው። ርዝመቱ 240፣ ወርዱ 75፣ ጥልቀቱም 75 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 1,350 ሊትር ይይዛል፤ የመብራቶቹን ቁጥር የሚወስነው ርዝመቱ ሲሆን፣ የኃይላቸውን ብርታት የሚወስነው ጥልቀቱ ነው። አንድ የኮራል ኤል ኢ ዲ በደንብ የሚሸፍነው 60 በ60 ሳንቲሜትር ያህል ነው ብንል፣ ለዚህ ገንዳ በረድፍ አራት ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በሁለት እጅግ ብርቱ መብራቶች ለመወጣት የሚሞክር ሰው ከሥራቸው ያለውን ኮራል ያቃጥላል፤ በመካከላቸው ያለውንም በጥላ ያስርባል። ጥልቅ ገንዳ ሲያዩት ግርማ አለው፤ ነገር ግን ከ75 ሳንቲሜትር ባለፈ ቁጥር ወለሉን ማብራት እየከበደ ስለሚሄድ፣ ገንዳውን ገና ያላሠራ ሰው ጥልቀቱን ቀንሶ ወርዱን ቢያሰፋ እመርጣለሁ።

ስለ መብራቶቹ ዓይነት ብዙ አልልም። ሜታል ሃላይድ የሚባለው ከአንዲት ነጥብ ስለሚያበራ ማዕበል በሚያናውጠው ውሃ ላይ እንደ ፀሐይ የሚወዛወዝ ጨረር ይጥላል፤ ውበቱ እስከ ዛሬ አልተተካም እላለሁ፤ ዳሩ ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ውሃውንም ስለሚያሞቅ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ቲ ፋይቭ የሚባለው ቀጭን ፍሎረሰንት ብርሃኑን ያለ ጥላ ያዳርሳል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት፤ በውስጡም ሜርኩሪ ስላለ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ወደ ገበያ እንዳይገባ ከልክሎታል። እንግዲህ ዛሬ የሚጀምር ሰው ኤል ኢ ዲ ይግዛ፤ ለዚህም ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉትን የጃፓን ተወላጆች አካሳኪን፣ አማኖንና ናካሙራን ያመስግን። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ፤ ሻጮች ኮራሉን በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ያሳዩታል፤ በሥጋው ያለው ፕሮቲን ሰማያዊውን ተቀብሎ አረንጓዴና ብርቱካናማ አድርጎ ስለሚመልሰው ኮራሉ እንደ ዕንቁ ያበራል፤ ገዢው ግን ከቤቱ መብራት ሥር ሲያኖረው ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። ከመክፈሉ በፊት ነጩን መብራት እንዲያበሩለት ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ብርሃን ከየት ይግባ የሚለውም የቆየ ጥያቄ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ገንዳዎችን በየአቅጣጫው በመስታወት ሠርተው በመስኮት ፊት ያስቀምጡ ነበርና፣ ውሃው እየሞቀ በዋቅላሚ እየለመለመ አስቸገራቸው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ብርሃን ከላይ ብቻ የሚገባበት ገንዳ የሠራው ስለዚህ ነበር፤ በባሕር ዳር ያለች የአለት ኩሬ ብርሃኗን ከሰማይ እንጂ ከጎን አትቀበልምና። አንቶን ዶርን በኔፕልስ ባቋቋመው የባሕር ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተው አኳሪየምም ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ፤ ተመልካቹ በጨለማ አዳራሽ ይቆማል፣ ብርሃኑ ከላይ ወደ ገንዳው ብቻ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ የተከፈተው የሞንትሬይ ቤይ አኳሪየም ደግሞ 8.5 ሜትር ከፍታ ያለውን ገንዳውን ከላይ ክፍት አድርጎ ለፀሐይ ሰጠው፤ በውስጡም ኬልፕ የሚባለው ግዙፍ የባሕር ዋቅላሚ በቀን 10 ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ተመልካቹ ለነዋሪው ብርሃን ቦታ ለቀቀለት፤ ይህንም በማድረጉ የበለጠ አየ እንጂ አልከሰረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሌሊቱ የተነፈገ ገንዳ ነው። በሆቴልና በምግብ ቤት የሚቆሙት ገንዳዎች እንግዳ እስካለ ድረስ፣ አንዳንድ ጊዜም እስኪነጋ፣ በሙሉ ኃይል ሲበሩ አያለሁ፤ ባለቤቱም ይህን እንደ ቸርነት ይቆጥረዋል። ዓሣ ዐይኑን የሚከድንበት ሽፋሽፍት የለውም፤ የዕረፍቱን ሰዓት የሚያውቀው በጨለማው ነው። በብርሃን ብዛት ላይ ናይትሬትና ፎስፌት ሲጨመርበትም የማይፈለገው ዋቅላሚ ድንጋዩንና መስታወቱን ያለብሰዋል። ኮራል ደግሞ ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን የጨረቃዋንም ልደትና ሙላት ይከታተላል፤ በለንደን የሚገኘው የሆርኒማን ቤተ መዘክር አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመረው ሥራ የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የወቅቱን ሙቀትና የጨረቃን ብርሃን በገንዳ ውስጥ እንደ ባሕሩ አድርጎ ቢያስተካክል፣ በማግሥቱ ዓመት በ2013 ኮራሎቹ በሰው እጅ በታሰበላቸው ጊዜ ዘራቸውን ለቀቁ። ከዚያ የተገኘው ዕውቀት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ የፍሎሪዳ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2019 በመጥፋት ላይ ያለውን የአትላንቲክ ዓምድ ኮራል በገንዳ ውስጥ እንዲራባ አደረገ። ባሕሩ በሚሞቅበት በዚህ ዘመን፣ ጨለማን በሥርዓት መስጠት የአንድ ዘር መትረፊያ እስከ መሆን ደርሷል ማለት ነው።

እንግዶቼ የሚመጡት በማታ ነውና እንዴት ላጥፋው የሚል ባለ ሆቴል ቢኖር ቅሬታውን እቀበላለሁ፤ መልሱም ቀላል ነው። አዳራሹን በመጋረጃ ከጠዋት ፀሐይ ከጋረደው፣ የገንዳውን ቀን ከሰዎቹ ቀን ማዘግየት ይቻላል፤ መብራቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በትንሹ ይጀምር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ይሙላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እንደ አጀማመሩ ቀስ እያለ ይድከም፣ 4 ሰዓት ላይ ይጥፋ፤ ድንገት የሚበራና ድንገት የሚጠፋ መብራት ዓሣውን አስደንግጦ ከመስታወቱ ጋራ ያጋጨዋልና ይህ ቅደም ተከተል አይጓደል። ይህን ሁሉ በየቀኑ ያለ ሰው እጅ የሚፈጽም መቆጣጠሪያ ከብዙዎቹ የኮራል ኤል ኢ ዲ መብራቶች ጋራ አብሮ ይመጣል፤ ከሌላቸውም ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውም ከመብራቱ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚቆይ እንግዳ ካለም የአዳራሹን ፋኖስ ከገንዳው አርቆ ማብራት ይበቃል።