ለመጽሐፍም አንድ መደርደሪያ

ቡፌ ለማሠራት አናጺ ዘንድ የሄደ ሰው የሚቀርቡለት ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው፤ «ስንት በር ይኑረው? መስታወቱ ተንሸራታች ይሁን? ቴሌቪዥኑስ ስንት ኢንች ነው?» ስለ መጽሐፍ የሚጠይቅ አናጺ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥፋቱ የአናጺው አይደለም፤ እርሱ የሚሠራው የታዘዘውን ነውና። አዛዦቹ እኛ ነን።

ቡፌ በከተማ ቤታችን የክብር ቦታ ነው። እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሠርግ ስጦታ ብርጭቆዎች፣ ለዓመት በዓል እንኳ የማይወርዱ ሲኒዎች፣ የምረቃ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። መጻሕፍቱስ? በካርቶን ታሽገው አልጋ ሥር ናቸው።

መጽሐፍ አልጋ ሥር የሚቀመጥበት ዘመን ነበረ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ቅጂው እጁ የገባ አንባቢ ደብቆ ያነበው፣ ለሚያምነው ወዳጅም በምስጢር ያውሰው ነበር። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያ ትውልድ መጽሐፉን የደበቀው ስለፈራም ስለወደደውም ነው። እኛስ የምንደብቀው ማንን ፈርተን ነው?

«መጽሐፍ መስታወት ውስጥ ከገባ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ አይነበብም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቀላል ሙግት አይደለም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን የምውለው ከመስታወት ጀርባ ስለሆነ፣ በመስታወት የተከለለ ነገር «አትንኩኝ» እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ በሩ ቁልፍ አይኑረው እላለሁ። መደርደሪያውም የልጆች እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። አቧራን የሚከለክል፣ እጅን የማይከለክል በር ይበቃናል።

ለአናጺው የሚነገረውም ብዙ አይደለም። ብርጭቆ የቻለ ስስ የመስታወት መደርደሪያ መጽሐፍ አይችልም። ቺፑድም ርዝመቱ ሲበዛ በመጻሕፍት ክብደት መሐሉ ይጎብጣል፤ በየመሐሉ ድጋፍ ይግባለት። ብዙዎቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች ቁመታቸው 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል 25፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። በክረምት እርጥበት ወረቀቱ እንዳይሻግት የቡፌው ጀርባ ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ። በዋንዛ የሚያሠራ ሰው ጣውላው በደንብ መድረቁን ያረጋግጥ፤ እርጥብ ጣውላ ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

ብርጭቆዎቹ ይውጡ አላልኩም። ከእናት የተወረሰች አንዲት ሲኒ የራሷ ታሪክ አላት። የምለምነው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ግጥም የሚሞክር ሰው እንደመሆኔ፣ የነገ አንባቢ ከየት ይመጣል የሚለው ሐሳብ ያስጨንቀኛል። ልጆች በቤታቸው ምን እንደሚከበር የሚማሩት ከምክራችን ይልቅ፣ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጥነውን እያዩ ነው።

ቡፌ ለማሠራት ያሰባችሁ ወዳጆች ሆይ፣ አናጺው ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።