ማተብና የወሰን ድንጋይ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ክርስቲያን መባል የምርጫ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ማተብ ይታሰራል፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምንም ቢሆን ምን ስሙን የሚነጥቀው የለም። በደጋው ሰሜን ሸዋ ከ100 ሰው ከ90 የሚበልጠው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ በመሆኑ «ክርስቲያን ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። እንግዳ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ርስቱ የት እንደሆነ፣ ደብሩ ማን እንደሆነ ነው። ስሙ ለደጉም ለክፉውም እኩል ታድሏል። እምነት ያለ ምግባር የሞተ መሆኑን ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 እየጠቀሱ የማያስተምሩ ካህናት የሉም፤ ሰሚውም አንገቱን እየነቀነቀ ይቀበላል። ክርክር የሌለበት ትምህርት ነው። ክርክሩ የሚነሣው ምግባሩ የሚፈተንበት ቦታ የት ነው ሲባል ነው።

እምነትን በምልክት ለማረጋገጥ የተደረገው ትልቁ ሙከራ የተካሄደው ከዚህ ደጋ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ደግሞ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ጽሑፍ እንዲይዝ አዘዘ። ትእዛዙን የጣሰ ንብረቱ ይወረስ፣ ሥጋውም ይቀጣ ነበር። ንጉሡ የዋዛ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ ክርስቲያን የንስሐ አባት እንዲይዝ፣ በሰንበት ትምህርት እንዲሰማ አጥብቆ ሠርቷል፤ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤም የቀዳሚት ሰንበትን ክርክር ፈትቷል። ይሁንና በዚያው ዘመን ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት የተዘረጋው ሥርዓት ለወሬ አቀባይ መሣሪያ ሆነ። የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ ተከሰው ከቅጣቱ ጽናት የተነሣ እንደሞቱ ዜና መዋዕሉ ይናገራል፤ ከዋነኞቹ ከሳሾች አንዳንዶቹም በኋላ ራሳቸው ተቀጡ። ግንባር ላይ የተጻፈው እምነት የጎረቤትን ምላስ ከሐሰት ምስክርነት አልከለከለም።

ዛሬ ግንባር ላይ የሚጻፍ የለም፤ በሴቶች ግንባር ላይ የተነቀሰው መስቀልም እየቀረ ነው። የደጋው ሰው እምነቱን የሚለካበት ዋናው ሚዛን ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት በዓመት ወደ 250 ይደርሳሉ፤ ምእመናን ሁሉ የሚገደዱባቸው ብቻ ወደ 180 ናቸው። 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የሚውሉት የበልግ እርሻ በሚሠራበት ወቅት ነው። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው ብርድ፣ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም ሳይቀምሱ ሞፈር ጨብጦ መዋል፣ በግ ያረባ ገበሬ ከበጉ ሥጋ ተከልክሎ በቆሎና በባቄላ ንፍሮ መክረም ቀላል ተጋድሎ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም (እ.ኤ.አ.) መንዝ ተቀምጦ ያጠናውና «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን የገበሬው ሃይማኖት ማዕከሉ ጾም መሆኑን አስተውሏል። በዚህ ተጋድሎ የሚሳለቅ የከተማ ሰው በመጀመሪያ አንድ ፍልሰታን በመንዝ ብርድ ይሞክረው።

ጾም ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ይታያል። ጾም የሻረ ሰው ከጎጆው በሚወጣው የወጥ ሽታ ይታወቃል፤ በልጁ አፍ ይጋለጣል፤ ሲሞት ፍትሐትና ቀብር እንዳይከለከል ይፈራል። ስለዚህ ጾምን መንደሩ ሁሉ ይጠብቀዋል። ፍትሐ ነገሥት ግን ጸሎትን በአንቀጽ 14፣ ጾምን በአንቀጽ 15፣ ምጽዋትን በአንቀጽ 16 አከታትሎ ያስቀመጣቸው ሦስቱ አብረው እንዲሄዱ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ሠራተኛውን እያስጨነቀና እየተጣላ የሚጾመውን ሰው ነቅፎ፣ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የተጨቆነውን መፍታትና ለተራበው እንጀራን መቁረስ መሆኑን ተናግሯል። መሥዋዕትነት ቢለካ፣ ለ180 ቀን ከወተት ከመታቀብ ይልቅ ከድሃ መሬት ላይ እጅን ማንሣት ይከብዳል።

ሕዝቡ ራሱ ክፍተቱን አያውቅም ማለት አይደለም። ያውቀዋል፤ ማስረጃው ቁርባን ነው። በየደብሩ ሲቀደስ የሚቆርቡት ባመዛኙ ሕፃናት፣ ካህናትና የሸመገሉ ሰዎች ናቸው። ጎልማሳው ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ አይቀርብም። ጋብቻውም እንደዚሁ ነው። በቁርባን የተጋባ መፍታት ስለማይችል አብዛኛው ሰው በሰማንያ ይጋባል፤ በቁርባን የሚጋባው በዋናነት ለክህነት የሚዘጋጅ ዲያቆን ወይም ልጆቹን ድሮ የጨረሰ ባልና ሚስት ነው። ይህን እንደ ቸልተኝነት ብቻ ማየት ስሕተት ይሆናል። ሰውየው «ሕይወቴ ለዚህ አልበቃም» ማለቱ ነው፤ ይህም ከግብዝነት ይሻላል። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ብቃቱ ወደ እርጅና ይተላለፋል፤ ሰው በጉልበቱ ዘመን፣ መሬት በሚቀማበትና በሚያስቀማበት ዕድሜ፣ ስሙን ብቻ ይዞ ይኖራል።

የመንዝ ሰው ኃጢአት ደግሞ ባመዛኙ የመሬት ኃጢአት ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚጠየቅ ስለነበር ዘመድ ከዘመድ ሳይካሰስ የሚያልፍበት ዘመን አልነበረም። አዋጁ ርስትን ሻረ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የይዞታ ደብተር ተሰጠ። ድንበር ገፊ ግን ከነሞፈሩ አለ። አሠራሩ ጸጥ ያለ ነው። በሬ የሌላት ባልቴት መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፤ አጎራባቹ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ እርሷ ይገባል፤ የወሰኑ ድንጋይ በአንዱ ክረምት ይጠፋል። ክስ ሲመጣ የሚመሰክሩት የአጎራባቹ ወንድሞችና አማቾች ናቸው፤ መስቀል ጨብጠው ይምላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ረቡዕና ዓርብን በማይሽሩ ሰዎች እጅ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋውን በርጉማኑ ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የወተት ጠብታ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ድንበር መግፋት ወደ ደም ሲያልፍ ግን የእምነቱ ሌላ ገጽ ይታያል። ገዳይና የሟች ወገን ደመኛ ሆነው ሲፈላለጉ ሽማግሌና ካህን መካከል ይገባሉ። መስቀል ይዘው የሟችን ቤት ደጅ ይጠናሉ፤ አልሆን ሲል ይመላለሳሉ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በመሐላና በግዝት ይታሰራል። ለሟች ወንድም ይህን መቀበል ውርደት ነው፤ በአካባቢው ባህል ደም ያልመለሰ ወንድ በፉከራና በሴቶች ልቅሶ ይሰደባል። ያን ስድብ ተሸክሞ ይቅር ያለ ሰው ክርስትናው ዋጋ አስከፍሎታል። ከዓመት ጾሙ ሁሉ ይህ አንድ ቀን ይመዝናል ማለት ድፍረት አይሆንም። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን አዟል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረትም ይህንኑ በገበሬ አንደበት ይዞታል።

ዕርቅ ለምን በደም ይሠራል፣ በትልም ግን አይሠራም? መልሱ ቀላል ነው። ደም መንደሩን ሁሉ ያሰጋል፤ የባልቴቷ ትልም ግን እርሷን ብቻ ይጎዳል። የደጋው ማኅበረሰብ የጋራ ጥቅሙ ሲነካ ሥርዓት ማስከበር እንደሚችል የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች ዘሮች ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ሲዘጉት፣ ጊዜው ሳይደርስ ያጨደ ወይም ያሰማራ ይቀጣ ነበር። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የቆዩት ከዚህም የተነሣ ነው። ሣር የሚጠብቅ መንደር ወሰን መጠበቅ አያቅተውም።

መሣሪያው በእጅ ነው። በየደብሩ ሰንበቴ አለ፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ነዳያን ጭምር ይበላሉ። በየወሩ ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር አለ፤ መሪው ሙሴ ይባላል፤ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣታቸው ነውር ነው። ማኅበርተኛ ሲታመም እህሉን በደቦ ያጭዱለታል፤ ሲሞት ያዝኑለታል። ይህ በተግባር የሚኖር ክርስትና ነው፤ ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም። ጉድለቱ የአባልነት ድንበር ነው፤ ማኅበርተኛ ያልሆነችው ባልቴት፣ የእጅ ሥራ የሚሠራውና «ቡዳ» እየተባለ የሚገለለው ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከጽዋው ውጭ ናቸው። ቀጥቃጩ ማረሻውን ስሎ የሰጠው ገበሬ በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል፤ ሁለቱም ግን ማተብ አላቸው።

ቀሪው ሥራ የንስሐ አባቱ ነው። የንስሐ አባት የንስሐ ልጆቹን ቤት ያውቃል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ድንጋይ እንደጠፋ ከወረዳው ፍርድ ቤት ቀድሞ ይሰማል። ለሻረ ጾም ስግደት እንደሚያዘው ሁሉ ለተገፋ ድንበር መመለስን ማዘዝ ሥልጣኑ ነው፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ዘኬዎስ ለዚህ የተጻፈ አብነት ነው። ሰንበቴና ማኅበሩም ድንበር ገፊው ድንጋዩን ወደ ቦታው ሳይመልስ ጽዋ እንዳያነሣ ቢወስኑ አዲስ ሕግ፣ አዲስ ስብከትም አያስፈልጋቸውም፤ ሙሴው በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ሊያስጀምረው ይችላል።