ዓለቱን ተዉት፣ ሰውየው ይማር!

ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ስፖርት ክላይሚንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሆኖ ከታየ ወዲህ ዓለት መውጣትን በየአዳራሹ የሚማረው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በአዳራሽ የጎለበተው ሰው እንግሊዝ አገር ስታኔጅ ገደል ሥር ቆሞ «ይኼማ ለእኔ ቀላል ነው» ያለ ዕለት ነው።

ቀላል አይደለም። በስፖርት ክላይሚንግ ብሎኑ አስቀድሞ ተተክሏል፤ የቀረው ገመዱን እያያዙ መውጣት ነው። ስታኔጅ ላይ ግን ብሎን የለም። «ትራድ» በሚባለው በዚህ የቆየ አወጣጥ፣ ፊት የሚመራው ሰው ስንጥቅ እየፈለገ የብረት ሽብልቅ ወይም ካም ራሱ ይሰካል፤ ተከታዩ እየነቀለ ይሰበስባል። ክፉኛ የተሰካ ሽብልቅ ሰውየው ሲወድቅ አብሮት ይወጣል። ያኔ የክንድ ጡንቻ ማንንም አያድንም።

«ጠንካራ ሰው በቀላል መንገድ ላይ አይወድቅም» የሚሉ አሉ። ድንጋይ ሲገነጠል፣ እግር ሲያዳልጥ ማን ጠንካራ፣ ማን ደካማ ብሎ ይጠይቃል? እንግሊዞች ይህ ስለገባቸው ለአንድ መንገድ ሁለት መለኪያ ይሰጣሉ። «ኢ1 5ቢ» ሲሉ፣ 5ቢ የከባዱን እንቅስቃሴ ክብደት፣ ኢ1 ደግሞ አደጋውን ጨምሮ የመንገዱን አጠቃላይ ፈተና ይናገራል። ጉልበት ሁሉን ቢመልስ ኖሮ አንዱ መለኪያ በበቃ ነበር።

ሌሎች ደግሞ «ታዲያ ብሎን ተክሎ መገላገል ነው» ይላሉ። ይህ የባሰ ነው። አሜሪካዊው ኢቮን ሹናርድ ዓለት ላይ የሚመታ ሚስማር እየሠራ ይሸጥ ነበር። ሚስማሩ ዓለቱን እያቆሰለ መሆኑን ሲያይ፣ በ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው የዕቃ ካታሎግ ደንበኞቹ መዶሻውን ትተው በእጅ ተሰክቶ በእጅ የሚነቀለውን እንዲይዙ መከረ። ነጋዴ በገዛ ገበያው ላይ ከፈረደ፣ ተማሪ ለጥቂት ወራት ትዕግሥት እንዴት ያጣል?

መንገዱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ቆሞ መሰካትን መለማመድ፤ ከዚያ ልምድ ያለውን ሰው እየተከተሉ እያንዳንዱን ሽብልቅ ለምን እንደያዘ እያዩ መንቀል፤ ለመምራት ሲደርስ ደግሞ ከለመዱት ደረጃ እጅግ ዝቅ ብሎ መጀመር። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቆይ። ገመዱን የያዘለት ጓደኛውም ቤተሰብ አለው።