ካባው ሳይዘጋ ቤቱ አላለቀም

እኛ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በግንባታ የምንኖር ነን፦ ግንበኛ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ ፌሮ አሳሪ፣ መሐንዲስ፣ ቤት አሠሪ። ድንጋዩ የወጣበት ካባ ሳይዘጋ ሥራው ተጠናቋል ብለን ላንፈርም ተስማምተናል።

ድንጋይ ወይም ገረጋንቲ ሲፈለግ ኤክስካቫተር ይገባል። ለሙ ቀይ አፈር ከኮረቱ ጋር ተደባልቆ ወደ ጎን ይገፋል። ሕንፃው ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ካባው ግን አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፤ ጥጃም ልጅም ይገባበታል። ሕግ የለም እንዳይባል የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው ዋጋው ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለቁፋሮውም ለኮንክሪቱም ብር ተይዟል፤ ጉድጓድ መድፈን ብር ካልተያዘለት ማን ይሠራዋል?

ከኮንትራክተሩ ክፍያ ላይ የሚቆረጠው መያዣ ስንጥቅና ፍሳሽ ብቻ አይጠብቅ። ካባው ተደልድሎ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሣር መያዙን ባለመሬቱ ገበሬ እስኪመሰክር አይለቀቅ። ገበሬው ራሱ ይመስክር የምንለው አጥብቀን ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ የሚያድረው እሱ እንጂ ሹሙ አይደለም።

ቤቶኔራ የታጠበበት ግራጫ ውሃ በቦይ ወርዶ ጨሞጋ ወንዝ አይግባ። የቀን ሠራተኛውን እጅ የሚልጥ ውሃ ለከብት መጠጥ አይሆንም። ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ቢቆፈርለት ዝቃጩ ይረጋል፣ የጠለለው ደግሞ ቤቶኔራውን መልሶ ያጥባል።

ባህር ዛፍን አንረግምም፤ ለብዙ የጎጃም ገበሬ የቆመ ቁጠባ ነው። የሚያናድደን አጣናው አንድ ሶሌታ ከተሸከመ በኋላ ሚስማሩ እንኳ ሳይነቀል ማገዶ መሆኑ ነው። ይነቀል፣ በርዝመት ተለይቶ ይደርደር፤ አቅም ያለው ወደ ብረት ይሻገር።

ሲሚንቶም ይቅር አላልንም፤ የፎቅ ምሰሶና ሶሌታ ይፈልጉታል። ግን ለሲሚንቶ የሚሆን 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ የምድጃው ጭስ ሳይቆጠር። ለአጥርና ለምድር ቤት ግድግዳ ይህን ያህል መክፈል ለምን? ከአሸዋና ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር የታመቀ አፈር ጡብ ይሆናል። ያለ ሲሚንቶም ዘመን የሚሻገር ሥራ አለ፦ ሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት በድንጋይና በኖራ ነው። መሐሉን ያፈረሱት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው አርበኞች ናቸው፤ ጎርፉማ አልቻለውም ነበር። ጭቃ ቤት የድሃ ነው የሚለውን ወሬ ያመጣው ማን እንደሆነ እንጃ፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ከሆነ ግን ጭቃ ቤት ልጅም የልጅ ልጅም ያሳድጋል።

በሕንፃ በር ላይ የመረቀው ባለሥልጣን ስም በእብነ በረድ ይቀረጻል። እኛ በሱ ቦታ ድንጋዩ የወጣበት ቀበሌና ካባው የተደፈነበት ዓመት ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን።

ይህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ አይሆንም። ጨረታ የሚያሸንፈው ርካሹ ነው፤ የጉድጓዱን ወጪ ያሰበ ሐቀኛ ተጫራች ተሸናፊ ይሆናል። ስለዚህ ከዞኑም ከከተማ አስተዳደሩም የምንጠይቀው አስቸጋሪ አይደለም፦ የካባ መዝጊያው ዋጋ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቀድሞ ተቆርጦ ለሁሉም ተጫራች እኩል ይቀመጥ፤ ማንም ቀንሶ እንዳይወዳደርበት።